በአሮጌ የቲግ ብየዳ ማሽን ላይ የርቀት የአምፔር መቆጣጠሪያ ስለ መግጠም
(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎችና ለካህናት የቀረበ ትምህርት)



በላስታ ደጋ፣ በገነተ ማርያምና በላሊበላ ዙሪያ ባሉት አጥቢያዎች፣ የብረት ሥራ የማይነካው የልማት ዕቅድ ጥቂት ነው። የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የቅጥሩ በር፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ መስኮት፣ የወፍጮ ቤቱ ጥገና ሁሉ የበያጅ እጅ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ መካከል ወፍራሙ ብረት በተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ይሠራል። የማይዝገው ስስ ብረት ግን፣ ይልቁንም ውኃ የሚይዘው፣ የቲግ ብየዳን ይሻል፤ ይህም በብዙ ጋራዦች «የአርጎን ብየዳ» እየተባለ የሚጠራው ነው።

ለሙያ ክፍል በስጦታ የሚመጣው ወይም በቅናሽ የሚገዛው የቲግ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው። ኃይሉ አልደከመ ይሆናል፤ ነገር ግን አምፔሩ የሚወሰነው በማሽኑ ፊት ላይ ባለው ማዞሪያ ብቻ ከሆነ፣ በያጁ ብየዳውን ከጀመረ በኋላ ሙቀቱን ሊለውጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ወይ በችግሩ መኖር፣ ወይ በብዙ ገንዘብ አዲስ መግዛት። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማሳየት ነው። መንገዱ ለአሮጌው ማሽን የእግር ወይም የእጅ መቆጣጠሪያ መግጠም ነው። ይህ የሚቻለው ግን ለሁሉም ማሽን አይደለም፤ ስለዚህ ከመግዛትም ከመፍታትም በፊት ማሽኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይገባል።

1. በብየዳው መካከል አምፔርን መለወጥ ለምን አስፈለገ?

የቲግ ብየዳ በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘ፣ በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ራስል ሜሬዲዝ የፈለሰፈው ዘዴ ነው። የማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ የኤሌክትሪክ ነበልባሉን ይፈጥራል፤ ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቃል። በያጁ በአንድ እጁ ችቦውን፣ በሌላው የመሙያ ሽቦውን ይይዛል፤ ዓይኑም ከቀለጠው ነጥብ አይነሣም። ስለዚህ ወደ ማሽኑ ዞሮ ማዞሪያውን የሚነካበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

በቀደመው የቀጥቃጮች ሥርዓት ይህ ችግር በሁለት ሰው ይፈታ ነበር። ቀጥቃጩ ብረቱን በጉጠት ይዞ ቀለሙን ሲመለከት፣ ወናፍ የሚነፋው ረዳት በቃሉ እሳቱን ያበረታል ወይም ያበርዳል። የእግር ፔዳል ያለው በያጅ ብረቱን የሚያየውም ወናፉን የሚነፋውም እርሱ ራሱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ለብረት እንደ መነሻ የሚወሰደው መጠን ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ነው። ስለዚህ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይዝግ ላሜራ እስከ 60 አምፔር ይጠይቃል። ሥራው ሲጀመር ላሜራው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህን ሁሉ ሙቀት ይውጣል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከተሄደ በኋላ ግን ብረቱ ግሏል፤ ያው 60 አምፔር አሁን ይበዛበታል። ወደ ጠርዙ ወይም ወደ ማዕዘኑ ሲደርስ ሙቀቱ የሚሸሽበት ስለሚያጣ ላሜራው ይቀዳል። በመጨረሻም ኃይሉ በድንገት ሲቋረጥ የቀለጠው ነጥብ እየተኰማተረ ይቀዘቅዝና በመካከሉ ጉድጓድና ኮከብ መሰል ስንጥቅ ሊተው ይችላል። ይህ ስንጥቅ በበር ላይ ቢሆን ላይታይ ይችላል፤ በውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ግን መፍሰሻ ነው።

ፔዳል ያለው በያጅ በመነሻው ይጫናል፣ ብረቱ ሲግል ያላላል፣ በመጨረሻው ቀስ ብሎ እየለቀቀ ጉድጓዱን በሽቦ ይሞላል፤ ኃይሉ ካበቃም በኋላ ጋዙ እስኪቆም ችቦውን ከቦታው አያነሣም። የመቆጣጠሪያው ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው።

2. ማሽኑ ከየትኛው ወገን ነው?

አሮጌ ማሽኖችን በአራት መክፈል ይቻላል።

*የመጀመሪያው በእጅ ዘወርዋሪ የሚሠራው ነው።* መዘውሩ ሲዞር በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለ የብረት ልብ ይገባል ወይም ይወጣል፤ አለዚያም ገመዱ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየተነቀለ ይሰካል። በዚህ ማሽን ውስጥ አምፔሩን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሌለ ፔዳል የሚገናኝበት ነገር የለም። ኮሚቴው በዚህ ላይ ገንዘብ ባያወጣ ይመረጣል፤ ማሽኑ ለወፍራም ብረት ያገልግል።

*ሁለተኛው በመግነጢሳዊ ማጉያ የሚሠራው ነው።* በዚህ ጥቂት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በመጠምጠሚያ ውስጥ አልፎ ብዙውን የብየዳ ኃይል ይገዛል። የፊቱ ማዞሪያ ወፍራም ሽቦ የተጠመጠመበትና በሥራ ጊዜ የሚግል ነው። የርቀት መቆጣጠሪያ ይቀበላል፤ ነገር ግን መቆጣጠሪያው በኦምም ሆነ በዋት መጠኑ ከፊቱ ማዞሪያ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሬድዮ የተነቀለ ቀላል ማዞሪያ ቢገጠምለት ይቃጠላል። በመስመሩ ያለው ቮልቴጅም ሰውን ሊጎዳ የሚችል ሊሆን ስለሚችል፣ ለዚህ ማሽን በራሱ አምራች የተሠራውን ፔዳል ከመፈለግ በቀር ሌላ አይመከርም።

*ሦስተኛው በታይሪስተር የሚሠራው ነው።* ከባድ ትራንስፎርመር ቢኖረውም ኃይሉን የሚወስነው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው። ካርዱ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ ትንሽ ፖቴንሺዮሜትር፣ ሬድዮ ጠጋኞች «ቮልዩም» ከሚሉት፣ ነው። ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው።

*አራተኛው ቀደም ያለ ኢንቨርተር ነው።* ቀላልና በእጅ የሚነሣ ሲሆን ትእዛዙን እንደ ሦስተኛው በቮልዩም ይቀበላል። ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይይዛሉ። በ220 ቮልት የሚሠራው ከ300 ቮልት በላይ፣ በ380 ቮልት የሚሠራው ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሊያከማች ይችላል፤ ይህም ገዳይ ነው። ኃይሉ መውረዱ በቴስተር ሳይረጋገጥ እጅ ማስገባት አይፈቀድም።

3. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) *የማሽኑን ስምና ሞዴል መመዝገብና መመሪያውን መፈለግ።* ብዙ ጊዜ የሽቦው ንድፍ በማሽኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ተለጥፎ ይገኛል።

ለ) *ፊቱንና ጀርባውን መመርመር።* ባለ 5፣ ባለ 6 ወይም ባለ 14 እግር ክብ ሶኬት ካለ፣ አምራቹ አስቀድሞ ለርቀት መቆጣጠሪያ አዘጋጅቶታል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም። ለሶኬቱ የሚስማማ ፔዳል ተገዝቶ «ፊት» እና «ርቀት» የሚለው ማብሪያ ካለ ወደ «ርቀት» ይዛወራል። በግዢው ጊዜ የእግሮቹ ቁጥር መመሳሰሉ ብቻ በቂ አይደለም። አንዱ አምራች የ1 ኪሎ ኦም፣ ሌላው የ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ይጠቀማል፤ የእግሮቹም ሥራ ከአምራች አምራች ይለያያል።

ሐ) *ሶኬት ከሌለ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሠለጠነ ባለሙያ መጥራት።* ከዚህ በታች ያለው ሥራ ለበያጁም ለኮሚቴውም አይሰጥም፤ ኮሚቴው ሊጠይቀውና ሊቆጣጠረው ይችል ዘንድ ግን ሊያውቀው ይገባል። ባለሙያው ማሽኑን ከመስመር ነቅሎ የፊቱን ቮልዩም ይለካል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ኦም ማዞሪያው ቢዞርም አይለወጥም፤ በመካከለኛው እግርና በአንዱ ጫፍ መካከል ያለው ግን ከዞረው ጋር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቀጥሎም በጥንቃቄ ማሽኑን አብርቶ በጫፎቹ ላይ ያለውን ቮልቴጅ፣ እንዲሁም እነዚህ ሽቦዎች ከዋናው የመብራት መስመር ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ይመረምራል። ዝቅተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 10 ቮልት ያህል፣ ከሆነና ከመብራቱ መስመር የተለየ ከሆነ ሥራው ሊቀጥል ይችላል። ከመብራቱ መስመር ጋር የተገናኘ ከሆነ ሥራው በዚያው ይቁም፤ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ፔዳል መግጠም የበያጁን እግር ከ220 ቮልት ጋር ማገናኘት ነውና።

መ) *ማዛወሪያ መግጠም።* ሦስቱን የቮልዩም ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ከፊቱ ወደ ፔዳሉ የሚያዛውር ማብሪያ ይመረጣል። ሁለቱን ቮልዩሞች ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማገናኘት የኦሙን መጠን ስለሚቀንስ ካርዱን ያለአግባብ ይጭነዋል፤ ሁለት የ10 ኪሎ ኦም ቮልዩሞች ጎን ለጎን 5 ኪሎ ኦም ይሆናሉ። ከዚህም የሚሻል አሠራር አለ፤ የፊቱ ቮልዩም መካከለኛ እግር የፔዳሉን የላይኛ ጫፍ ቢመግብ፣ የፊቱ ማዞሪያ ከፍተኛውን አምፔር ይወስናል፣ ፔዳሉ ደግሞ ከዝቅተኛው እስከዚያ ድረስ ያንቀሳቅሳል። በያጁ ፊቱን በ70 ላይ ካደረገ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ቢረግጥ እንኳ ከ70 አያልፍም። ይህ መልካም ሆኖ እንዲሠራ የፔዳሉ ኦም ከፊቱ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይገባል፤ ለ1 ኪሎ ኦም የ10 ኪሎ ኦም ፔዳል ይስማማል።

ሠ) *ገመዱ።* በዙሪያው የብረት መረብ ያለው ገመድ ይጠቅማል፤ መረቡም በማሽኑ በኩል ብቻ ከአካሉ ጋር ይገናኛል። ነበልባሉን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያስነሣ ማሽን ሁከት ስለሚፈጥር፣ የፔዳሉ ገመድ ከችቦው ገመድና ከመሬት መያዣው ገመድ ርቆ ይዘረጋ፤ አብሮም አይጠቅለል።

ረ) *ፔዳሉ።* የልብስ ስፌት ማሽን የኤሌክትሪክ ፔዳልን እንዳለ ማገናኘት አይቻልም። እርሱ በሁለት ሽቦ ከመብራት መስመር ጋር የሚሠራ እንጂ ባለ ሦስት እግር ቮልዩም አይደለም። ቅርፉን ብቻ ወስዶ ውስጡን መለወጥ ግን ይቻላል። ቮልዩሙ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ስለሚዞር፣ የፔዳሉ አጭር እንቅስቃሴ በጥርስ ወይም በገመድ ወደዚያ እንዲሰፋ ይደረጋል። አካሉ ከብረት ከሆነ ከመሬት መስመር ጋር ይገናኝ።

ሰ) *ማስነሻው።* ፔዳሉ ገና ሲነካ ጋዙንና ኃይሉን የሚያስነሣ ትንሽ ማብሪያ ያስፈልጋል። በአሮጌ ማሽን የዚህ መስመር ቮልቴጅ 24 ወይም ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል። ከ24 ቮልት ከበለጠ በመካከል ሪሌ ይግባ፤ ወደ እግር የሚደርሰው ዝቅተኛው ብቻ ይሁን።

4. ገመዱ ቢቆረጥስ?

ሽቦ በእግር ይረገጣል፣ ጋሪ ያልፍበታል፣ አይጥም ይበላዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ባለሙያውን «ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ቢቆረጥ ማሽኑ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ። መካከለኛው ሽቦ ሲቆረጥ ካርዱ ትእዛዝ አጥቶ ወደ ከፍተኛው አምፔር የሚዘልል ከሆነ ሥራው አልተጠናቀቀም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በማሽኑ ውስጥ በመካከለኛው መስመርና በዝቅተኛው ጫፍ መካከል አንድ ትልቅ ሬዚስተር፣ ለ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም 100 ኪሎ ኦም ያህል፣ ይገጠማል። ያን ጊዜ መስመሩ ቢቆረጥ ኃይሉ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲሁም እግር ሲነሣ ፔዳሉን ወደ ዝቅተኛው የሚመልስ ጠንካራ ሞላ ይኑር።

ሥራው ሲያልቅ ፈተናው በሦስት ደረጃ ይሁን፤ አስቀድሞ ያለ ነበልባል በቴስተር፣ ቀጥሎ በ3 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ብረት ላይ፣ በመጨረሻ በ1.5 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ላሜራ ላይ። ሦስቱ ሳይሳኩ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም።

5. ፔዳል የማይፈታቸው ነገሮች

አሉሚኒየም በቲግ የሚበየደው እንደ ልማዱ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ማሽኑ ቀጥተኛ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ፔዳል ቢገጠምለት አሉሚኒየም በያጅ አይሆንም።

ነፋስ የአርጎኑን ጋዝ ይበትናል። በላስታ ደጋ ሜዳ ላይ የሚደረግ የቲግ ብየዳ ከሩቅ በብዙ ወጪ የመጣውን ጋዝ ለነፋስ መስጠት ነው፤ ስለዚህ የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው የጀነሬተር ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ኃይል ስለሚያጣ፣ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይጎድለዋል። ጀነሬተር ሲገዛ ይህ ይታሰብ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አርጎን ከአየር ይከብዳል። በማጠራቀሚያ ታንከር ውስጥ ገብቶ የሚበይድ ሰው ዙሪያው ቀስ በቀስ በጋዝ ይሞላል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ታንከር በተቻለ መጠን ከውጭ ይበየድ። መግባት ግድ ከሆነ ንጹሕ አየር በማራገቢያ ይግባ፣ ከውጭም የሚጠብቅ ሰው ይቁም፤ የወደቀ ቢኖር እርሱም ዘልሎ አይግባ፣ ጋዙን ዘግቶ እርዳታ ይጥራ። የነበልባሉ ብርሃን ዓይን ስለሚያቃጥል፣ ለማየት የሚሰበሰቡት ሕፃናት እንዳይጎዱ መጋረጃ ይደረግ።

6. በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ

ለላስታ አጥቢያዎች ይህ ክፍል የተለየ ክብደት አለው። የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለች ስትሆን፣ ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደታነጸች ይነገራል። በግድግዳዋ ያሉት ሥዕላትም ከሀገራችን ጥንታውያን የግድግዳ ሥዕሎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች በክብደታቸው ምክንያት ያስነሡት ስጋት እንደሚያስታውሰን፣ በቋጥኙ አጠገብ የሚደረግ የብረት ሥራ የበያጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፣ ብየዳ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ሆነ በሥዕላቱ አጠገብ አይደረግ፤ ጢሱ፣ ሙቀቱና ብልጭታው ለሥዕሉ ጠላት ናቸው። የሚያስፈልገው ብረት በሙያ ክፍሉ ተበይዶ መጥቶ በብሎን ይገጣጠም። ሁለተኛ፣ በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ የሚደረግ ጥገና በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ የተሰበረ ጥንታዊ መስቀል ወይም ጽና «ፔዳል ስላለን በጥንቃቄ እንበይደዋለን» ተብሎ ለብየዳ አይሰጥ። በናስ ውስጥ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ ናሱ በሚቀልጥበት ሙቀት በጢስ መልክ ይወጣል፤ ይህም የበያጁን ሳንባ ይጎዳል፣ የቅርሱንም ጠባይ ይለውጣል። ስብርባሪው ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ይቀመጥና የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይጠራ።

7. የኮሚቴው ውሳኔ

በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረው ምሳሌ ለልማት ክፍል ሁሉ ትምህርት ነው። የምእመናን ስጦታ የሆነው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ውሳኔው እንዲህ ቢከፈል ይጠቅማል። ማሽኑ ሶኬት ካለው ፔዳሉን ግዙ። ሶኬት ባይኖረውም ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወገን ከሆነ፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የሽቦውም አዲስ ንድፍ ተሥሎ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። ከሁለተኛው ወገን ከሆነ የአምራቹን ፔዳል ፈልጉ፤ ካልተገኘ ተዉት። ከመጀመሪያው ወገን ከሆነ ለአዲስ ማሽን ቀስ በቀስ አጠራቅሙ። አሮጌ ዕቃ በአዲስ አበባ በምናለሽ ተራም ሆነ በሌላ ገበያ ስትገዙ፣ የርቀት ሶኬት መኖሩን ከዋጋው በፊት ጠይቁ።

ፔዳል ያላዋቂን በያጅ አዋቂ አያደርግም። በአጥቢያው ያለ ትጉህ ወጣት ግን ሙቀቱን ራሱ እያዘዘ መማር ሲችል የሚያበላሸው ላሜራ ይቀንሳል፣ ሙያውም መተዳደሪያው ሊሆን ይችላል። የሙያ ክፍል የሚቋቋመውም ለዚህ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ያለው ወይም ልንቀበለው ያሰብነው ማሽን ከአራቱ ወገኖች የትኛው ነው? ይህንንስ ማን አረጋገጠ?
2. ከምናሠራቸው ሥራዎች መካከል በእውነት የቲግ ብየዳ የሚፈልጉት የትኞቹ ናቸው? በተራው ብየዳ የሚበቃቸውስ?
3. የበያጁን ዓይን፣ ሳንባና ሕይወት የሚጠብቅ ምን ተዘጋጅቷል? በታንከር ውስጥ ሥራ ሲኖር ከውጭ የሚቆመው ሰው ማን ነው?
4. በዕቃ ቤታችን የተሰበሩ ንዋያተ ቅድሳት ካሉ በመዝገብ ሰፍረዋል? ለጥገናቸውስ ማንን ልናማክር ይገባናል?